የጃፓን ጎራዴ ምትክ አፎት፦ አመራረጡና አያያዙ

አጠቃሎ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጃፓን ጎራዴ የቀድሞ አፎቱ ሲጠፋ፣ ሲሰነጠቅ ወይም ሲበከል ምትኩ በምን መስፈርት ሊመረጥና እንዴት ሊያዝ እንደሚገባ ማሳየት ነው። ጽሑፉ የጃፓን አፎት ሠሪዎችን ልማዳዊ አሠራር ከቅርስ ጥበቃ ሳይንስ መርሖች ጋር ያነጻጽራል። ዋናው መከራከሪያ አፎት ብረቱ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ የሚኖርበት ጠባብ አካባቢ እንጂ ጌጥ ብቻ አይደለም የሚል ነው። ከዚህም በመነሣት ምትክ አፎት ከመልኩ በፊት በልኩ፣ በእንጨቱ፣ በማጣበቂያውና ወደፊት ሊከፈት በመቻሉ መመዘን እንዳለበት፣ አሮጌው አፎትም ከብረቱ ቢለይ እንኳ እንደ ሰነድ ሊጠበቅ እንደሚገባ ይደመድማል።

1. መግቢያ

በጃፓንኛ ሁለት ሰዎች ጠባያቸው አልስማማ ሲል «ሶሪያቸው አይገጥምም» ይባላል። ሶሪ የጎራዴ ቅስት ማለት ነው። አባባሉ የተወሰደው ለአንዱ ብረት የተሠራ አፎት ለሌላው እንደማይስማማ ከሚያውቁ ሰዎች ልምድ ነው። ተለያይተው የታረቁ ባልና ሚስትም «ወደ ቀድሞ አፎታቸው ተመለሱ» ይባልላቸዋል። ሁለቱም አባባሎች አፎትና ብረት አንድ ለአንድ የተሠሩ መሆናቸውን መነሻ ያደርጋሉ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚጀምረው ግን የቀድሞው አፎት በማይገኝበት ወይም በማይጠቅምበት ጊዜ ነው።

ርእሱን እንዳነሣው ያደረገኝ የራሴ ስሕተት ነው። ለልምምድ የምይዘው የካርቦን ብረት ጎራዴ አፎቱ ስለተሰነጠቀ የብረቱን ርዝመት ብቻ ተናግሬ ዝግጁ ምትክ ገዛሁ። ብረቱ ያለ ችግር ገባ፤ አፎቱም ከቀድሞው ይልቅ ያማረ ነበር። ክረምቱ አልፎ ሳወጣው ግን በአንድ ጎኑ ላይ ቀጭን የዝገት መስመር አገኘሁ። ዝገቱ የተበታተነ ሳይሆን ከመካከል ተነሥቶ ወደ ጫፍ የሚሄድ መስመር መሆኑ ምክንያቱን ይናገር ነበር፤ ብረቱ ከእንጨቱ ጋር የተነካካው በዚያው መስመር ላይ ነበርና። ያ ጎራዴ የልምምድ ዕቃ ስለሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው። በብዙ መቶ ዓመት ዕድሜ ባለው ብረት ላይ ቢደርስ ግን ዝገቱን ለማስወገድ ብረቱን በድንጋይ እንደገና መሳል ግድ ይሆናል። እያንዳንዱ መሳል ደግሞ ተመልሶ የማይገኝ ብረት ይቀንሳል።

በጽሑፉ ውስጥ «አፎት» በጃፓንኛ ሳያ የሚባለውን (በሌላ አጠራር ሰገባ)፣ «ብረት» የጎራዴውን ሙሉ የብረት አካል፣ «ስለት» የሚቆርጠውን ጠርዝ፣ «ጀርባ» ደግሞ በስለቱ ተቃራኒ ያለውንና ሙኔ የሚባለውን ጎን ያመለክታሉ።

2. የአፎቱ አሠራርና ዓይነቶች

የጃፓን ጎራዴ የብዙ ባለሙያዎች ሥራ ነው። ብረቱን አንጥረኛው ይቀጠቅጣል፤ ቶጊሺ የተባለው ባለሙያ በድንጋይ ይስለዋል፤ ሌላው ባለሙያ በብረቱ ሥር የሚታሰረውንና ሃባኪ የሚባለውን አንገትጌ፣ ብዙ ጊዜ ከመዳብ፣ ይሠራል፤ አፎቱን ደግሞ ሳያሺ ያዘጋጃል። የሥራው ቅደም ተከተል ትርጉም አለው። አፎቱ የሚሠራው ብረቱ ተስሎ፣ ሃባኪው ከተገጠመ በኋላ ነው። ይህም ልኩ ከአንድ የተወሰነ ብረትና ከአንድ የተወሰነ ሃባኪ ይወሰዳል ማለት ነው።

ሳያሺው አንድን እንጨት ለሁለት ከፍሎ የሁለቱን ግማሾች ውስጥ በመሮ ይፈለፍላል፤ ከዚያም ከበሰለ ሩዝ በሚዘጋጅና ሶኩኢ በሚባል ማጣበቂያ ያገናኛቸዋል። ብረቱ ውስጥ ሲሆን ዋና መያዣው ሃባኪው ነው፤ ኮይጉቺ ከሚባለው ከአፎቱ አፍ ጋር በልክ ተጣብቆ ብረቱን ያግደዋል። ከዚያ በታች ብረቱ የሚደገፈው በጀርባው ሲሆን ስለቱና ሁለቱ ጎኖች በተቻለ መጠን እንጨቱን እንዳይነኩ ይደረጋል። ስለዚህ በደንብ የተሠራ አፎት ብረቱን አጥብቆ አይጨብጥም፤ በሁለት የታወቁ ቦታዎች ይዞ ሌላውን አካል ነጻ ይተወዋል።

አፎቶች በአገልግሎታቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ሺራሳያ ሲሆን ቃሉ «ነጭ አፎት» ማለት ነው። ቀለም ያልተቀባ፣ ጌጥ የሌለው፣ ለማስቀመጫ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ እጀታውም ከዚያው እንጨት የሚሠራ እንጂ ጥልፍ ወይም የእጅ መከለያ የለውም። ሁለተኛው ኮሺራኤ የሚባለው ሙሉ መታጠቂያ አካል ነው፤ አፎቱ ኡሩሺ በሚባል የዛፍ ሙጫ ይለበጣል፣ በአፉ ላይ ብዙ ጊዜ ቀንድ ይገጠምለታል፣ በጎኑም የገመድ ማሰሪያ ጉብታ አለው። ብረቱ በሺራሳያ ሲቀመጥ ኮሺራኤው ቅርጹን እንዲጠብቅ ጹናጊ የሚባል የእንጨት ብረት ይገባበታል። ይህ ልማድ በክፍል 6 ለምናነሣው ክርክር ቁልፍ ነው።

3. ምትክ የሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች

የብዙ ጎራዴዎች አፎት የተለወጠው በታሪክ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 በአደባባይ ጎራዴ መታጠቅን የሚከለክል አዋጅ ሲወጣ የመታጠቂያ አፎት ዕለታዊ ፍላጎት ወደቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ የቤተሰብ ቅርስ የነበሩ ብዙ ብረቶች ለመኮንኖች በተዘጋጁ የወታደር መታጠቂያዎች ውስጥ ገቡ። እ.ኤ.አ. ከ1945 በኋላም ብዙዎቹ ከጃፓን ወጥተው በውጭ አገር ሰዎች እጅ ተበተኑ። ዛሬ ምትክ አፎት የሚፈልጉት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ከቀድሞ ዕቃቸው የተለዩ ብረቶች ናቸው። በጃፓን ሕግ የሚመዘገበውም ብረቱ ነው፤ ርዝመቱ፣ ቅስቱና የእጀታ ችንካር ቀዳዳው ብዛት በምዝገባ ወረቀቱ ላይ ሲሰፍሩ አፎቱ የምዝገባው አካል አይደለም።

ከመጥፋት ሌላ ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው መሰንጠቅ ነው። የተሰነጠቀ አፎት ለባለ ጎራዴው እጅ አደገኛ ነው፤ ጎራዴ ሲመዘዝ ግራ እጅ አፎቱን ስለሚጨብጥ በስለቱ በኩል ያለው መገጣጠሚያ ከተከፈተ ስለቱ ወደ ጣቶች ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛው ብክለት ነው። ዝገት በነበረበት አፎት ውስጥ የዝገት ቅንጣትና አቧራ ይቀራል፤ ይህም ንጹሕን ብረት ይጭራል፣ እርጥበትንም ይይዛል። ሦስተኛው እንደገና መሳል ነው። አዲስ የተሳለ ብረት ከቀድሞው ጥቂት ስለሚያንስ የአሮጌው አፎት ልክ አይሆንም፤ ቅንጣቶቹም ውድ የሆነውን አዲስ ገጽታ ያበላሻሉ። ስለዚህ ብረትን አስሎ ወደ አሮጌው አፎት መመለስ ታጥቦ ጭቃ ነው።

4. የምርጫ መስፈርቶች

4.1 ልክ

በመጀመሪያ መመዘን ያለበት ልክ ነው። የጃፓን ጎራዴ ርዝመት ከጫፉ ጀምሮ በብረቱ ሥር በጀርባ በኩል እስካለው እርከን ድረስ በቀጥታ መስመር ይለካል። ከ2 ሻኩ (60.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ) በላይ የሆነው ካታና፣ ከ1 እስከ 2 ሻኩ ያለው ዋኪዛሺ፣ ከ1 ሻኩ በታች ያለው ታንቶ ይባላል። ቅስቱ የሚለካው ከዚያው ቀጥታ መስመር እስከ ጀርባው ባለው ከፍተኛ ርቀት ነው።

ሆኖም ርዝመትና ቅስት ብቻ አይበቁም። ሁለት ብረቶች በርዝመትና በቅስት መጠን እኩል ሆነው የቅስቱ ቦታ ሊለያይ ይችላል። ከፍተኛው ቅስት ወደ እጀታው ሲቀርብ ኮሺዞሪ፣ በመካከል ሲሆን ቶሪዞሪ፣ ወደ ጫፉ ሲቀርብ ሳኪዞሪ ይባላል። ኮሺዞሪ ያለው ብረት ለሳኪዞሪ በተሠራ አፎት ውስጥ ሲገባ በቁጥር ይስማማል፤ በውስጥ ግን ይታገላል። የእኔ ጎራዴ የደረሰበት ችግር ከዚህ ዓይነት ነው ብዬ እገምታለሁ። በተጨማሪም የብረቱ ስፋት ከሥርና ከጫፍ አጠገብ፣ ውፍረቱ፣ የሃባኪው ስፋትና ቁመት ሊለኩ ይገባል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ዋጋ ላለው ብረት አፎቱ ብረቱ በባለሙያው እጅ ሳለ መሠራት አለበት። ይህ ካልተቻለ የብረቱ ሙሉ ቅርጽ ከጀርባና ከጎን በወረቀት ላይ ተነሥቶ ከልኮቹ ጋር መላክ አለበት። ዝግጁ አፎት ተቀባይነት የሚኖረው አንድ ሠሪ በወጥ ልክ ለሚያመርታቸው የልምምድ ጎራዴዎች ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ከዚያው ሠሪ ሲገዛ ነው።

የተሠራው አፎት ልኩ መሆኑ በሦስት ምልክቶች ይታወቃል። ብረቱ በሃባኪው ተይዞ በራሱ አይንሸራተትም፤ በአውራ ጣት ጥቂት ሲገፋ ይለቃል፤ ሃባኪው ከወጣ በኋላ ደግሞ ያለ መጎተትና ያለ መንኳኳት ይወጣል። መያዙን ለመፈተን ጎራዴው ወደ ታች ሲዘቀዘቅ ወፍራም ጨርቅ በተነጠፈበት ቦታ ላይ፣ ከወለሉ ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል።

4.2 እንጨት

በጃፓን ለአፎት የሚመረጠው ሆኖኪ የሚባል የማግኖሊያ ዝርያ ነው። እንጨቱ ቀላል፣ ለስላሳ፣ ክሩ ወጥና ሙጫው ጥቂት ነው፤ ከመሠራቱም በፊት ለዓመታት እንዲደርቅ ይደረጋል። ልስላሴው ብረቱን ከመጫር ይጠብቃል፤ የክሩ ወጥነት መሮው ቀጥ ያለ መንገድ እንዲከተል ይረዳል፤ በቂ መድረቁ ደግሞ ከተሠራ በኋላ እንዳይጣመም ያደርጋል።

የቅርስ ጥበቃ ሳይንስ ይህን ልማዳዊ ምርጫ የሚደግፍ ተጨማሪ ምክንያት ይሰጣል። ብዙ እንጨቶች እንደ አሴቲክ አሲድ ያሉ ተናኝ አሲዶችን ይለቃሉ፤ ኦክ በዚህ ረገድ በጣም የታወቀ ነው። በኮላ የተሠሩ የተጨመቁ ጣውላዎችም ፎርማልዲሃይድ ይለቃሉ። በክፍት ክፍል ውስጥ ይህ መጠን ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ አፎት ግን ጠባብና የተዘጋ ስለሆነ ተናኙ ነገር ከብረቱ ጋር አብሮ ይከማቻል። ስለዚህ «ጠንካራ እንጨት ይሻላል» የሚለው የተለመደ ግምት እዚህ አይሠራም፤ የአፎት እንጨት ጥራቱ ጠባዩ የረጋ መሆኑ ነው።

ሆኖኪ በማይገኝበት አገር ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ለእኛም ይመለከተናል። በአገራችን በቀላሉ ከሚገኙት መካከል ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ጽድ መዓዛውን የሚያገኝበት ተናኝ ዘይት አለው፤ ወይራ ደግሞ እጅግ ጠንካራ ነው። ዋንዛ ለመቅረጽ የተመቸ ቢሆንም ለዚህ አገልግሎት ያለ ፍተሻ ሊታመን አይገባም። ለዚህ የሚሆን የታወቀ ፍተሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በብሪቲሽ ሙዚየም የተጀመረው የኦዲ ሙከራ የሚመረመረውን ቁስ ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ቅንጥብጣቢዎች ጋር በእርጥበት አብሮ አሽጎ በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ28 ቀናት ያቆያል፤ ከዚያም የብረቶቹ ገጽ ይታያል። እርሳስ ለተናኝ አሲዶች ፈጣን ምላሽ ስለሚሰጥ ውጤቱ ስለ እንጨቱ ብዙ ይነግራል። የአገር ውስጥ እንጨቶችን በዚህ መንገድ መመርመር ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አቅም የሚመጥን የምርምር ርእስ ነው።

4.3 ማጣበቂያ

የሩዝ ማጣበቂያ ከዘመናዊ ኮላ ይልቅ ደካማ ነው፤ ድካሙ ግን ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። በውስጡ ዝገት ሲጠረጠር ባለሙያው አፎቱን በመገጣጠሚያው በኩል ከፍቶ ውስጡን ጠርጎ መልሶ ያጣብቀዋል። በኤፖክሲ ወይም በጠንካራ ነጭ ኮላ የተገጠመ አፎት ግን እንጨቱ ካልተሰበረ አይከፈትም፤ አንዳንድ ነጭ ኮላዎችም እራሳቸው አሴቲክ አሲድ ይለቃሉ። የዛሬው የቅርስ ጥበቃ ሥነ ምግባር «የሚደረግ ጥገና ሁሉ በተቻለ መጠን ሊመለስ የሚችል ይሁን» የሚለውን መርሕ የጃፓን አፎት ሠሪዎች በተግባር ያውቁት ነበር ማለት ይቻላል። ምትክ አፎት የሚያሠራ ሰው ከሁሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው «በምን ተጣበቀ?» የሚለውን ነው።

4.4 ልባጭ

የአፎቱ ውስጥ አይቀባም። ውጩ ኡሩሺ ከሆነ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ኡሩሺ እንደ ተራ ቀለም ውኃው ተንኖ የሚደርቅ አይደለም፤ በውስጡ ባለ ኢንዛይም አማካይነት ኦክስጅን እየወሰደ የሚጠነክር ሲሆን ለዚህም እርጥብ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ጥንካሬው ሳይሞላ ብረት ሊገባበት አይገባም። ከጠነከረ በኋላ ውኃንና ብዙ ኬሚካሎችን ይቋቋማል፤ የፀሐይ ብርሃን ግን ያደበዝዘዋል። ያልጠነከረው ኡሩሺ ቆዳን ስለሚያስቆጣ ጥገናው ለጀማሪ የሚሆን አይደለም። ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ የሚመረጠው ግን ልባጭ የሌለው ሺራሳያ ነው። ሺራሳያ በበኩሉ ለልምምድ ወይም ለመቁረጥ አይሆንም፤ እጀታው ያን ኃይል እንዲሸከም አልተሠራምና።

5. እንክብካቤ

የአፎት ዕድሜ በመጀመሪያ የሚወሰነው በአወጣጥና በአገባብ ነው። ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ ብረቱ በጀርባው ላይ መንሸራተት አለበት። ስለቱ እንጨቱን እየነካ በወጣና በገባ ቁጥር ቀጭን ፍቅፋቂ ይልጣል፤ ፍቅፋቂው ውስጥ ይቀራል፣ ግድግዳውም እየሳሳ ይሄዳል። ከአፎቱ አፍ የእንጨት ብናኝ መውጣት የዚህ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ዘይት ነው። ለብረቱ የሚቀባው ቾጂ የሚባለው ዘይት፣ ዛሬ ባብዛኛው ጥቂት የቅርንፉድ ዘይት የተጨመረበት የማዕድን ዘይት ነው። ሥራው በብረቱ ላይ እጅግ ቀጭን ሽፋን መሥራት ነው። ሲበዛ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ማጣበቂያውንም ሊያላላ ይችላል። ስለዚህ ከተቀባ በኋላ ትርፉ በለስላሳ ወረቀት መጠረግ አለበት።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። እዚህ ላይ የሁለት ቁሶች ፍላጎት ይጋጫል። ብረት በደረቅ አየር ደኅና ነው፤ እንጨትና ኡሩሺ ግን በጣም ሲደርቁ ይሰነጠቃሉ። አንጻራዊ እርጥበቱ ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ የመነሣት ዕድል ይጨምራል፤ ዝገትም ይፋጠናል። ለሁለቱም የሚስማማው ወደ 50 በመቶ አካባቢ ያለ፣ ከሁሉ በላይም ቶሎ ቶሎ የማይለዋወጥ አየር ነው። በክረምት እንጨቱ አብጦ ብረቱን አጥብቆ ቢይዝ በጉልበት መሳብም ሆነ ወዲያው መፋቅ ስሕተት ነው፤ በበጋ ያ ቦታ ሰፍቶ ይገኛል። በየወቅቱ አይቶ መወሰን ይሻላል።

አራተኛው የአፉ መላላት ነው። በብዙ አጠቃቀም የላላ አፍ የሚጠገነው ከዚያው ዓይነት እንጨት በተወሰደ ስስ ልጣጭ ነው። ልጣጩ በአፉ ውስጥ በግራና በቀኝ ጎን ይለጠፋል፤ ከዚያም ሃባኪው እስኪስማማ ድረስ ጥቂት በጥቂት በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ብናኙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ አፎቱ በሥራው ጊዜ አፉን ወደ ታች አድርጎ መያዝ አለበት። ወረቀት ወይም ጨርቅ መጠቅጠቅ ግን እርጥበት ስለሚይዝ አይመከርም።

በመጨረሻም ክትትል ያስፈልጋል። አዲስ አፎት በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ ቢፈተሽ መልካም ነው። ዝገት በአንድ ቦታ ተጠርጎ እዚያው ከተመለሰ መንሥኤው ከአፎቱ ስለሆነ ብረቱን ደጋግሞ ማጽዳት በቂ አይደለም፤ ብረቱ ወጥቶ አፎቱ ለባለሙያ መሰጠት አለበት። የአፎትን ውስጥ በውኃ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም።

6. ውይይት፦ አሮጌው አፎት ምን ይሁን?

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለብረቱ ያደላ ነው። ነገር ግን አሮጌው አፎትም የሚናገረው አለው። በብዙ ሺራሳያዎች ላይ ሳያጋኪ የሚባል የቀለም ጽሑፍ ይገኛል፤ በእርሱም ጎራዴ ዐዋቂዎች የአንጥረኛውን ስም፣ የብረቱን ርዝመትና አስተያየታቸውን አስፍረዋል። የኮሺራኤ አፎትም የዘመኑን የእጅ ጥበብና የባለቤቱን ማዕረግ ይመሰክራል። ምትክ ተሠርቶ አሮጌው ሲጣል ይህ ሁሉ ማስረጃ ይጠፋል።

አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ብረቱ በማንኛውም ሁኔታ ከቀድሞ አፎቱ መለየት የለበትም ይላሉ፤ ዕቃው ሙሉ የሚሆነው ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ነውና። ክርክሩ ክብደት አለው። ሆኖም አብሮ መኖር አንዱ ሌላውን የሚያጠፋበት ከሆነ ውሎ አድሮ ሁለቱም ይታጣሉ። ጃፓኖች በጹናጊ ያገኙት መፍትሔ ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ አያስገድድም፤ ብረቱ በንጹሕ ሺራሳያ ያርፋል፣ አሮጌው አፎት የእንጨት ብረት ይዞ ቅርጹን ይጠብቃል፣ ዝምድናቸውም በመዝገብ ይቆያል። ስለዚህ ምትክ ማሠራት ከሦስት ተግባራት ጋር መያያዝ አለበት ብዬ አምናለሁ፦ አሮጌውን ከመለየቱ በፊት ፎቶ ማንሣትና መለካት፣ ለሁለቱም አንድ መለያ ቁጥር መስጠት፣ ምትኩም መቼና በምን ቁስ እንደተሠራ መመዝገብ።

ይህ አስተሳሰብ ከጃፓን ውጭም ይሠራል። በአገራችን ሙዚየሞችና በግለሰቦች እጅ ያሉ ብዙ ጎራዴዎች አፎታቸው ከቆዳ የተሠራ ነው። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ታኒንና አሲድ ስላለው፣ እርጥበትም ስለሚይዝ፣ ብረትን ለረጅም ጊዜ በውስጡ ማቆየት ዝገትን ይጋብዛል። እዚህም ቢሆን ቆዳው በራሱ ቅርስ ነው። ብረቱን አውጥቶ ለየብቻ ማስቀመጥ፣ ቆዳው እንዳይጨማደድ በውስጡ ቅርጽ ጠባቂ ማስገባትና ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማያያዝ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

7. ማጠቃለያ

ምትክ አፎት ሲመረጥ ቅደም ተከተሉ ልክ፣ እንጨት፣ ማጣበቂያ፣ በመጨረሻም ልባጭ ነው፤ በገበያ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ተቃራኒው ነው። ርዝመት ብቻውን ልክ አይደለም፤ ጥንካሬ ብቻውን የእንጨት ጥራት አይደለም፤ የማይከፈት አፎትም የማይመረመር አፎት ነው። እንክብካቤውም ውስብስብ መሣሪያ አይፈልግም፤ በጀርባ ማንሸራተት፣ ጥቂት ዘይት፣ የረጋ አየርና በየጊዜው አውጥቶ ማየት ይበቃሉ። በእኔ ጎራዴ ላይ የቀረው ቀጭን መስመር ለመታየት አንድ ክረምት ፈጅቶበታል። በሙዚየም መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ሳይወጡ የሚቀመጡ ብረቶች በአፎታቸው ውስጥ ምን እየደረሰባቸው እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው አውጥቶ በማየት ብቻ ነው።